የደብረ ማርቆስን ጥንታዊ ሕንፃዎች በምሽት ስለ ማንሣት፤ ሰማዩ ለምን ይጠቁርብኛል?

ሞንቆረር (ክሩን የከፈተ)፣ ኅዳር 8

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ወንድሞችና እኅቶች። በደብረ ማርቆስ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሚኖሩበትን ከተማ በሌላ ዓይን እንዲያዩት ብዬ፣ የከተማውን ጥንታዊ ሕንፃዎች በምሽት አንሥቼ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ለማሳየት ተነሥቻለሁ። ከሁሉ በፊት የመረጥኳቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያሠሩት የደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሁለተኛው የእሳቸው ቤተ መንግሥት፣ በኋላም ልጃቸው ራስ ኃይሉ በአውሮፓ አሠራር ያሳደሱት ነው። ከተማው ሞንቆረር መባሉ ቀርቶ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስም መጠራቱን፣ ንጉሡም በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው መንገሣቸውን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ልጆቹ ይጽፉታል፤ ነገር ግን በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉትን ግድግዳ ቀና ብለው አያዩትም። ሥራውን የጀመርኩት ይህ ስላሳሰበኝ ነው።

ችግሬ የሚከተለው ነው። አራት ምሽት ወጥቻለሁ፤ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ስሠራ ቆይቼ የተመለስኩት ግን ለማሳየት በማይበቁ ሥዕሎች ነው። ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ የሕንፃው ጣሪያ የት ላይ እንደሚያበቃ አይለይም። የመንገዱ መብራት ነጭ እድፍ ይሆናል፤ ግድግዳው ደግሞ በዓይኔ የማላየው ብርቱካናማ ቀለም ይይዛል። ካሜራዬ ሌንሱ የሚቀያየር፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው መካከለኛ ካሜራ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 6400 አድርጌ በእጄ ይዤ ነው ያነሣሁት። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከጓደኛ መዋስ እችላለሁ። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ስሕተቴ ከየት እንደሚጀምር ብታሳዩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

የጣና ዳር፣ ኅዳር 8

መምህር፣ እንኳን ወደ መድረኩ በደህና መጡ። በባሕር ዳር የፎቶ ቤት ባለሙያ ነኝ፤ ከፊልም ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ አለሁ። ያነሡትን ጥያቄ በየዓመቱ ከወጣቶች እሰማለሁና በዝርዝር ልመልስ።

የስሕተትዎ መጀመሪያ ሰዓቱ ነው፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲወጡ ሰማዩ ብርሃኑን ጨርሶ ያጣል፤ ስለዚህ ካሜራው የሚያገኘው የአምፖሉን ብርሃንና ፍጹም ጨለማን ብቻ ነው፣ በመካከላቸው የሚያስታርቅ ነገር የለም። መልካም የምሽት ሥዕል የሚገኘው ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ሰማዩ ገና ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ የሰማዩ ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን በተመጣጠኑባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። እነዚህ ደቂቃዎች በእኛ አገር እጅግ አጭር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ ሩብ ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ከአድማስ በታች ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ስትደርስ ሰማዩ የምንፈልገውን ሰማያዊ ይይዛል፤ ይህም ከገባች ከ15ኛው እስከ 32ኛው ደቂቃ አካባቢ ያለው ጊዜ ነው። በሰሜኑ ዓለም የሚጻፉ መመሪያዎች «ዘና ብላችሁ ሥሩ» የሚሉት በእነርሱ አገር የበጋ ወራት ይህ ጊዜ የእኛን እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ነው። እኛ ግን ከ20 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው ያለን።

በኅዳር በእናንተ ከተማ ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሥራዎ ከምሽቱ 12፡15 እስከ 12፡32 ይሆናል። በሰኔ ወደ 12፡50 ስለምትዘገይ ሁሉም በዚያው ልክ ይገፋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ደርሰው ትራይፖዱን ይትከሉ፣ አቋቋሙን ይምረጡ፣ ከዚያ ይጠብቁ።

ወደ ካሜራው ስመለስ፣ ትራይፖድ ካለዎት አይኤስኦ 6400 የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ወደ 100 ይመልሱት፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ላይ ያድርጉት፤ ሹተሩም (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) እንደ ብርሃኑ ከ2 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 20 ሰከንድ ይክፈት። ጣትዎ ቁልፉን ሲጫን ካሜራው ስለሚንቀጠቀጥ የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ይጠቀሙ። ሌንሱ ላይ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለ ትራይፖድ ላይ ሲሆን ይጥፋ። ፎከሱን (ሥዕሉ ጥርት የሚልበትን ርቀት) በራስ ሰር ለማስተካከል ከሞከሩ ካሜራው በጨለማ ይዋልላል፤ ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የአንድ አምፖል ዳር ወይም የመስኮት ጠርዝ አጉልተው በእጅዎ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ቀለበቱን አይንኩት።

ስለ ብርቱካናማው ቀለምም ልንገርዎት። አሮጌዎቹ የሶዲየም መብራቶች ቀለማቸው ወደ 2000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ) ይጠጋል፤ አዲሶቹ ኤል ኢ ዲዎች ግን ከ4000 በላይ ናቸው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ሲቀላቀሉ ካሜራው ግራ ይጋባል። በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ያንሡ፤ ቀለሙን ቤት ገብተው በኮምፒዩተር ማስተካከል ይችላሉ። የሶዲየሙን ብርቱካናማነት ግን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አይድከሙ፤ መብራቱ የሚሰጠው በአብዛኛው ብጫና ብርቱካናማ ስለሆነ የጎደለውን ሰማያዊና አረንጓዴ ከውስጡ ማውጣት አይቻልም።

ዓባይ ማዶ፣ ኅዳር 9

እኔ ካሜራ የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ጋሼ የጣና ዳር፣ በስልክስ አይሆንም? ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በምሽት ሳነሣ በሥዕሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይታዩብኛል።

የጣና ዳር፣ ኅዳር 9

ይሆናል እንጂ፣ ወንድሜ። የስልኩ የሌሊት አማራጭ ብዙ አጫጭር ሥዕሎችን በተከታታይ አንሥቶ አንዱን በሌላው ላይ የሚደርብ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ባይነቃነቅ ውጤቱ እጅግ ይሻላል። ከድንጋይ ወይም ከመከታ ጋር አስደግፈውና የ3 ሰከንድ ማዘግያ ተጠቀም። ጥቁር መስመር ያልከው ከኤል ኢ ዲው የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ብታቆመው መስመሩ ይጠፋል።

ድልድዩን ከወንዙ ዳር ለማንሣት ከወረድክ ግን አደራ፣ ብቻህን አትውረድ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሣር ሊግጥ የሚወጣው በምሽት ነው፤ በውኃውና በእርሱ መካከል የቆመን ሰው አይምርም። እኔ የሰማዕታት ሐውልትን ከዓባይ ዳር በማነሣበት ጊዜ ሁልጊዜ አካባቢውን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ይዤ ነው የምሄደው።

ዘጎንጅ፣ ኅዳር 9

ልጄ መምህር፣ ሰላም ለከ። እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ቤተ ክርስቲያን በሌሊት ባዶ ሕንፃ አይደለችም። ሰዓታት የሚቆመው በሌሊት ነው፤ በበዓል ዋዜማ ማኅሌቱ እስከ ንጋት ይዘልቃል፤ ኪዳንም ጎሕ ሲቀድ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድመህ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ጠይቅ፤ ለምን እንደምታነሣውና የት እንደምታሳየው ንገራቸው፤ ዘበኛው እንዲያውቅህም በቀን ሂድና ተዋወቅ። ፍላሽ ፈጽሞ አይነሣ። በጧፍ ብርሃን የሚያነብ ሰው ዓይን ላይ ድንገት ብልጭ የሚል ነገር ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። በቅጽሩ ውስጥ መቃብር አለ፤ ሐዘንተኛ በመቃብር ላይ ቢኖር መሣሪያህን አጥፈህ ጠብቅ። ከቅድስቱ ወደ ውስጥ በመሣሪያ አትለፍ።

ሌላው ነገር፣ ሁላችሁም የምትናገሩት ስለ ምሽት ነው። ማለዳውንስ ለምን ተዋችሁት? በምሽት ቅጽሩ ጭር ያለ ነው። ጎሕ ሲቀድ ግን በመስኮቱ የውስጡ መብራት ይታያል፣ ሰማዩም ይከፈታል፣ ምእመናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ። ወር በገባ በ30 የቅዱስ ማርቆስ መታሰቢያ ስለሆነ ሕዝቡ ከሌላው ቀን ይበዛል። እንደ እኔ ከሆነ የደብሩ መልክ ያኔ ነው የሚታየው።

የጣና ዳር፣ ኅዳር 9

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ስለ ማለዳው በዚህ መንገድ አስቤ አላውቅም። መምህር፣ ሒሳቡ ያው ነው፤ የሚገለበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ በእናንተ ዘንድ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡30 ገደማ ስለሆነ፣ ሰማያዊው ጊዜ ከ11፡58 እስከ 12፡15 አካባቢ ይሆናል። የማለዳ ትርፉ ሌላም ነው። ነፋሱ ስለሚያርፍ የጽዱና የባሕር ዛፉ ቅጠል በረጅሙ ሹተር አይደበዝዝም። ጉዳቱ ደግሞ ብርዱና ጤዛው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማልና ትርፉን በደረት ኪስዎ ያሙቁት። ካሜራውንም ከብርዱ ወደ ሞቀው ክፍል ሲመልሱ ከቦርሳው ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይይዛል።

እነብሴ፣ ኅዳር 11

ውይይቱን በደስታ ተከታትያለሁ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነኝ፤ ትውልዴም ከመርጡለ ማርያም ነው። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በዚያ ቆሟል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አበባና ሐረግ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ ስዳስሰው ነው ያደግሁት። ስለዚህ ስለ ብርሃን ስጽፍ በዚያ ድንጋይ ላይ ያየሁትን ይዤ ነው።

ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣ ቅርጹን ያጠፋዋል። በቀትር ወይም በፍላሽ የተነሣ የመርጡለ ማርያም ድንጋይ ልሙጥ ሰሌዳ ይመስላል። ብርሃኑ ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር ሊነካካ እስኪል ድረስ ተጠግቶ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጭረት የራሱ ጥላ ይኖረዋልና ጠራቢው መሮውን ያሳረፈበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። በምሽት ይህን ለማግኘት ሹተሩን 30 ሰከንድ ከፍቶ በእጅ ባትሪ ከጎን ቀስ እያሉ ማብራት ይቻላል። ባትሪው አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆም፣ ሲንቀሳቀስ መኖር አለበት። ለጥናት የሚሆን ሥዕል በዚህ መንገድ እኔም አንሥቻለሁ።

መምህር ለሚያዘጋጁት ነገር ግን ይህን አልመክርም። ቤተ መንግሥቱን በባትሪ ከሥር ወደ ላይ አብርተው ቢያነሡት ተማሪዎቹ የሚያዩት እርስዎ የፈጠሩትን ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሙያ በዞናችን ያለን አንድ ጥንታዊ ሕንፃ በሐምራዊና በአረንጓዴ መብራት አስጊጦ አንሥቶ ነበር፤ ሥዕሉ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ፤ ነገር ግን የአካባቢው ሰዎች ሕንፃው የት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። በየዕለቱ የሚያዩትን ሕንፃ አላወቁትም ማለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የጣና ዳር፣ ኅዳር 11

እኅቴ፣ በዚህ ላይ በከፊል እለያለሁ። አብዛኞቹ ቅርሶቻችን አንድ አምፖል እንኳ የሌላቸው ናቸው። ብርሃን አትጨምሩ ካልን በምሽት ጨርሶ አታንሡ ማለታችን ይሆናል። ነጭና ለስላሳ ብርሃን በልክ ቢጨመር ሕንፃውን እንደ መዋሸት አልቆጥረውም።

እነብሴ፣ ኅዳር 11

ጨረቃ አለች፣ ጋሼ። ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ በሌሊት የሚታየው በእርሷ ነበር።

የጣና ዳር፣ ኅዳር 12

እውነት ብለዋል፤ ይህን መልስ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለመምህር ቁጥሩን ላስቀምጥ። የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ጨረቃዋ ሙሉና ከፍ ያለች ከሆነ አፐርቸር ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800፣ ሹተር 30 ሰከንድ ይበቃል። በእርስዎ ሌንስ 18 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 4 ይገኛል። ከዋክብቱ ከነጥብነት ወጥተው ትንሽ መስመር ይሠሩ ይሆናል፣ ምክንያቱም ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ይህ ካልወደዱት አይኤስኦውን 1600 አድርገው 15 ሰከንድ ይክፈቱ። ሥዕሉ ሲወጣ ይደነቃሉ፤ ሰማዩ ልክ እንደ ቀን ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዋክብት ግን አሉበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሙሉዋን ግማሽ የምታበራ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው የምታበራው፤ ስለዚህ ከሙሉዋ ቀን ብዙ አይራቁ። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ የምትወጣው ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወዲያው ከወጣች ዝቅ ብላ ጥላው ሁሉንም ይሸፍናል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ቢቆዩ ይሻላል። በጎንዎ በኩል እንድትሆን ይቁሙ፤ እኅታችን ስለ መርጡለ ማርያም ድንጋይ ያሉት እዚህም ይሠራል።

ዘጎንጅ፣ ኅዳር 12

በባሕረ ሐሳብ የጨረቃዋን ሌሊት የሚያወጣልህ መሪጌታ በደብሩ አይጠፋም፤ ጠይቀው፣ በደስታ ይነግርሃል። በዐይንህም ግን ከሁለት ቀን በፊት ጀምረህ ተመልከት። በምሽት ለመውጣት የሰዓት ገደብ ባለበት ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ ይቅር፤ ሕንፃው ይጠብቅሃል።

ሞንቆረር፣ ታኅሣሥ 3

መምህሮቼ፣ ዝምታዬን ይቅር በሉኝ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ ሞክሬ ለመመለስ ብዬ ነው የዘገየሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ፈቃዱን ሰጡኝ፤ ከዚያም ስለ ተማሪዎቹ ረጅም ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሥዕሎቹ ሲሰቀሉም መጥተው እንደሚያዩ ነገሩኝ። ኅዳር 30 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በቅጽሩ በር በኩል ትራይፖዴን ተከልኩ። ብርዱ ከባድ ነበር። እስከ 11፡50 ድረስ ያነሣኋቸው ሁሉ እንደ ቀድሞዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ተስፋ ልቆርጥ ደርሼ ነበር። 12 ሰዓት ሲሆን ግን ሰማዩ ቀስ እያለ ወጣ፤ የጣሪያው ጉልላትና መስቀሉ ከሰማዩ ተለየ፤ የመስኮቶቹ ብርሃንም ከሰማዩ ጋር እኩል ሆነ። በዚያው ጊዜ ኪዳን ሊያደርሱ የመጡ እናቶች በፊቴ አለፉ። ሹተሩ 6 ሰከንድ ስለነበር የሚራመዱት እንደ ነጭ ጢስ ሆነው ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆመው የተሳለሙት አንዲት እናት ግን ሳይነቃነቁ ስለቆዩ ጥርት ብለው ወጡ። ፊታቸው አይታይም፤ ነጠላቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህችን ሥዕል አስባት አላውቅም ነበር። 12፡16 ላይ ሁሉም አለቀ።

የቤተ መንግሥቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት ከጥበቃዎቹ ፈቃድ አግኝቼ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወጣሁ። ጨረቃዋ ከፍ ብላ ነበር፤ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ያለው የመንገድ መብራት ግድግዳውን ስላጥለቀለቀው የጨረቃዋ ብርሃን ጨርሶ አይታወቅም ነበር። አቋቋሜን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ አልሆነልኝም። 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ሲሆን በአካባቢው መብራት ጠፋ። ባልደረባዬ ወደ ቤት እንሂድ አለኝ። እኔ ግን ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ቤተ መንግሥቱ ሁለንተናው ይታየኝ ነበር፤ ደረጃው፣ መስኮቶቹ፣ የጣሪያው ጠርዝ ሳይቀር። ጋሼ የጣና ዳር በሰጡኝ ቁጥር፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800፣ 30 ሰከንድ፣ አራት ሥዕል አነሣሁ። አምስተኛውን ስከፍት መብራቱ መጣና ሥዕሉ ነጭ ሆነ።

ከአራቱ ሁለቱን በትልቁ አሳትሜአለሁ። አንዱን ትናንት ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ሳልጽፍበት አሳየኋቸው። «ይህ የቀን ነው ወይስ የሌሊት?» ብለው ተከራከሩ፤ ከዋክብቱን ያየችው አንዲት ልጅ ናት። ከዚያ የት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግማሹ ክፍል በአንድ ድምፅ መለሰ።

እነብሴ፣ ታኅሣሥ 3

ስላወቁት ደስ ብሎኛል። መምህር፣ ሥዕሉን በራው አስቀምጡት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆሙበትን ቦታም በጽሑፍ ይያዙ። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ወይም ቢታደስ ከዚያው ቦታ ቆሞ የሚያነጻጽር ሰው ያስፈልገዋል።

ሞንቆረር፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬ በቀን ተመልሼ ሄጄ የቆምኩበትን ቦታ ለካሁ። ከበሩ ቀኝ ምሰሶ 23 እርምጃ ነው። በሥዕሉ ጀርባ ጽፌዋለሁ።